ከዲቪዲ አልነሳ ያለ ኮምፒውተር፦ የት ጋ ደርሶ ቆመ?

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ራም አፈታተሽ ከጻፍኩ ወዲህ ትንሽ ጠፍቻለሁ። በመሃል ሥራ ገባልኝ። ሰፈራችን ያለ አንድ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ያረጁ ዴስክቶፖቹን «ፎርማት አድርግልን» ብሎ ሰጠኝ። ሥራው ሲወራ ቀላል ነው፦ ዲቪዲውን ታስገባለህ፣ ከዲቪዲው ታስነሳለህ፣ ዊንዶውን ትጭናለህ። መካከለኛዋ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ኮምፒውተሮቹ ከዲቪዲ አልነሳም አሉ። ሁሉም አልነሳም ይበሉ እንጂ የአንዱ ምክንያት ከሌላው ጋር አይገናኝም ነበር፤ ይህን ማስታወሻ ለመጻፍ ያነሳሳኝም እሱ ነው።

እኛ ጥገና የምንለማመድ ሰዎች «ቡት አያደርግም» የሚለውን እንደ አንድ በሽታ እናየዋለን። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ ሌላ ዲስክ ሞክር፣ እሱ እምቢ ካለ ድራይቭ ቀይር፣ እሱም እምቢ ካለ ማዘርቦርዱ ሞቷል። እኔ አሁን ሌላ ጥያቄ ነው የምጠይቀው፦ ይሄ ኮምፒውተር የት ጋ ደርሶ ቆመ? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ስክሪኑ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ካልሆነም የድራይቩ መብራት ወይም ድምፁ ይናገራል።

«ለምን በፍላሽ አትጭነውም?» የምትሉኝ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። እኔም አብዛኛውን ጊዜ የምጠቀመው ፍላሽ ነው። ግን የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር በቀን የስንቱ ሰው ፍላሽ እንደሚሰካበት አስቡት። ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን ቫይረስ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ተጽፎ የተዘጋ ዲቪዲ ላይ ግን ምንም ነገር አይጨመርም፤ ቫይረሱም አይገባበትም። በዚያ ላይ ከማሽኖቹ መሃል ባዮሱ (ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የማስነሻ ፕሮግራም) ከፍላሽ መነሳትን ጭራሽ የማያውቅ ሽማግሌ አለ። ቤቱ የሚሠራው በፓወር ግዕዝ (በአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም) ስለሆነና ሠራተኞቹም ጣታቸው እሱን ስለለመደ ሊኑክስ ልጫን ብል አይሰሙኝም። የዊንዶው 7 ድጋፍ በጥር 2020 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መቋረጡን ነግሬያቸዋለሁ። «ኢንተርኔት አንጠቀምበትም፣ ለመጻፊያ ብቻ ነው» አሉ። በዚሁ ተስማማን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ማብሪያው ሲጫን ቀድሞ የሚነቃው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባዮስ ነው። ራሙን፣ ኪቦርዱን፣ ዲስኮቹን ቆጥሮ ሲጨርስ የቡት ቅደም ተከተሉን ያያል። ሲዲ ሮሙ ከሃርድ ዲስኩ በፊት ከተቀመጠ ወደ ድራይቩ ይሄዳል። ድራይቩ ዲስኩን አሽከርክሮ ማንበብ ከቻለ ባዮሱ በቀጥታ አንድ ቦታ ይፈልጋል፦ ሴክተር 17። የዳታ ሲዲና ዲቪዲ 2048 ባይት በሚይዙ ሴክተሮች የተከፋፈለ ነው። ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር የመጀመሪያዎቹ 16 ሴክተሮች፣ ማለትም ከ0 እስከ 15 ያሉት፣ ለሲስተም የተተዉ ናቸው። 16 ላይ የዲስኩ ዋና መግለጫ ይቀመጣል። ዲስኩ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ 17 ላይ «ኤል ቶሪቶ ስፔሲፊኬሽን» የሚል ጽሑፍ አለ። ይህን አሠራር በ1995 ያወጡት የባዮስ ሠሪው ፊኒክስና አይቢኤም ናቸው። ስሙ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካለ የሜክሲኮ ምግብ ቤት የመጣ ነው ይባላል፤ ሐሳቡን ያወጡት እዚያ ቁጭ ብለው ነው አሉ። ከዚያ ጽሑፍ ቀጥሎ የቡት ካታሎጉ ያለበትን ቦታ የሚጠቁም ቁጥር ይገኛል፤ ካታሎጉ ደግሞ የማስነሻው ኮድ የት እንዳለ ይናገራል። ባዮሱ ኮዱን ራም ላይ ጭኖ ሥራውን ያስረክባል። ከዚያ ወዲያ የሚሆነው ሁሉ የዊንዶው ወይም የሊኑክስ ጣጣ ነው፤ ባዮሱ የለበትም።

እዚህ ላይ ልብ የምትሉት ነገር ባዮሱ ፋይልም ፎልደርም እንደማያውቅ ነው። «ቤት ቁጥር 17 ሂድ» ተብሎ እንደተላከ ልጅ ነው፤ እዚያ ሰው ካጣ ጎረቤት አይጠይቅም፣ ይመለሳል። ይህን ከያዝን አልነሳም ያለ ኮምፒውተር የሚቆምባቸው ቦታዎች ብዙ አይደሉም። ወይ ባዮሱ ወደ ድራይቩ አልሄደም፣ ወይ ድራይቩ ዲስኩን አላነበበም፣ ወይ 17 ላይ ምንም የለም፣ ወይ ኮዱ ከተጫነ በኋላ ራሱ ወድቋል።

የመጀመሪያው ማሽን የቆመው ባዮሱ ጋ ነበር። ፕሮሰሰሩ ኮር ቱ ዱዎ ነው፣ ጥሩ ዕቃ። ዲቪዲው ገብቷል፣ ግን መብራቱ አንዴ ብልጭ ብሎ ይጠፋና በቀጥታ ወደ ተበላሸው ዊንዶው ይገባል። ባዮስ ገብቼ ሲዲ ሮሙን ከላይ አስቀመጥኩና ሴቭ አድርጌ ወጣሁ፤ ተነሳ። ሰዓቱ ስለመሸ መጫኑን ለነገ አቆየሁት። በነጋታው ጠዋት ስመጣ ቅደም ተከተሉ ወደ ድሮው ተመልሷል፤ ሃርድ ዲስኩ ከላይ ነው።

ይህን ስመለከት የቤቱ ባለቤት ከጀርባዬ ቆመው ነበር። «ልጄ፣ እሱ ኮምፒውተር ቀኑንም ይስተዋል እኮ። ጠዋት ጠዋት ደብዳቤ ስጽፍ የዛሬ ስንት ዓመት ያወጣብኛል፤ በእጄ ነው የማስተካክለው» አሉኝ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ባዮሱ ሰዓቱንና ምርጫዎቹን የሚያስታውሰው ማዘርቦርዱ ላይ ባለችው ክብ ባትሪ ነው። ሲአር2032 ትባላለች፤ 20 ሚሊሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 3 ቮልት። ባትሪዋ ብትሞትም ኮምፒውተሩ ኮረንቲ ላይ እስከተሰካ ድረስ፣ ጠፍቶም ቢሆን፣ ፓወር ሰፕላዩ ለማዘርቦርዱ ትንሽ ኃይል መስጠቱን አያቆምም። ስለዚህ ቀን ቀን ነገሩ አይታወቅም። እነሱ ግን ማታ ሲዘጉ ዲቫይደሩን ያጠፋሉ። መጥፎ ልማድ አይደለም፤ የእኛን መብራት ለሚያውቅ ሰው እንዲያውም ትክክል ነው። ግን ዲቫይደሩ በጠፋ ቁጥር ባዮሱ ሁሉን ረስቶ ወደ ፋብሪካው ምርጫ ይመለሳል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም እንደዚያው።

ቴስተር ያላችሁ ባትሪዋን አውጥታችሁ ለኩ። ደህና ከሆነች 3 ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ታሳያለች፤ ከ2.5 በታች ከሆነች አትመኑባት። ስትቀይሩ ኮረንቲውን ከግድግዳ ንቀሉ፣ የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ይሁን፣ በካቻቢቴ ስታነሱ ደግሞ መያዣዋን ጎን ላይ ያለችውን ምላስ ብቻ ግፉ። ማዘርቦርድ ላይ ካቻቢቴ አንሸራትቶ መስመር የቆረጠ ሰው አይቻለሁ፤ በትንሽ ባትሪ የተነሳ ትልቅ ኪሳራ። ቀኑን ማስተካከልም አትርሱ። የተሳሳተ ቀን ያለው ኮምፒውተር ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ የአብዛኛው ገጽ ሰርተፊኬት ጊዜው ያለፈ ወይም ያልደረሰ ስለሚመስለው አልከፍትም ይላል፤ ሰው ደግሞ ኔትወርኩን ይወቅሳል።

ለአንድ ጊዜ መጫኛ ከሆነ ቅደም ተከተሉን መቀየርም አያስፈልግም፤ የቡት ሜኑ ቁልፍ አለ። ዴልና ሌኖቮ አብዛኛው ኤፍ12 ነው። ኤችፒ ኤፍ9፣ ወይም ኢስኬፕ ከተጫናችሁ በኋላ ኤፍ9። የአሱስ ላፕቶፕ ኢስኬፕ፣ የአሱስ ማዘርቦርድ ኤፍ8። ኤሰር ላይ ኤፍ12 ቢሆንም ብዙዎቹ ላይ መጀመሪያ ባዮስ ገብታችሁ ካልፈቀዳችሁት አይሠራም። ዊንዶው 8 እና ከዚያ በኋላ ያለው ያለበት ማሽን ላይ ቁልፉ አልያዝ ካለ ደግሞ ሻት ዳውን ሳይሆን ሪስታርት አድርጉት። ፋስት ስታርትአፕ ካለ ሻት ዳውን ሙሉ ማጥፋት አይደለም።

ሁለተኛው ማሽን ነው ብዙ ያስተማረኝ። ቅደም ተከተሉ ትክክል፣ ባትሪው ደህና፣ ዲቪዲው ሌላ ኮምፒውተር ላይ የሚነሳ። ስክሪኑ ላይ «ሪቡት ኤንድ ሴሌክት ፕሮፐር ቡት ዲቫይስ» የሚለው ጽሑፍ ይወጣል። ሃርድ ዲስኩን ነቅዬው ስለነበር ይህ ጽሑፍ መውጣቱ አያስደንቅም፤ ባዮሱ ያለውን ሁሉ ሞክሮ የሚነሳ ነገር አጣሁ ማለቱ ነው። ጥያቄው ዲቪዲውን ለምን አላየውም የሚለው ነበር።

ጆሮዬን ወደ ድራይቩ አስጠጋሁ። ይህን ሁላችሁም አንዴ በደህና ድራይቭ ላይ አድርጉት፤ ድምፁን ሳታውቁት በሽታውን ልታውቁ አትችሉም። ደህናው ድራይቭ ትሪው ሲገባ ትንሽ ጠቅ ይላል፣ ዲስኩ ፍጥነት እየጨመረ ይዞራል፣ መብራቱ መጀመሪያ ይበራል፣ ከዚያ ንባቡ ሲጀመር ይርገበገባል። ይሄኛው ግን መዞር ይጀምርና ይቀንሳል፤ ሌንሱ ወደ ላይ ወደ ታች ሲል ጥርስ የሚያፋጭ ዓይነት ትንሽ ድምፅ ይሰማል፤ እንደገና ይጀምራል፣ እንደገና ይቀንሳል፣ በመጨረሻ መብራቱ ጠፍቶ ዝም። ዲስኩን ሊያይ እየሞከረ ማየት አቅቶት ነው።

ያን ጊዜ እዚያው ጠረጴዛ ላይ የነበረ የመዝሙር ሲዲ አስገባሁ። ወዲያው አነበበው! ሃርድ ዲስኩን መልሼ ባለው ዊንዶው ከፈትኩት፣ መዝሙሩ ይጫወታል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ድራይቩ ደህና ነው፣ ዲቪዲው ነው የተበላሸው» ብሎ ይደመድማል። ግን ሲዲና ዲቪዲ በአንድ ብርሃን አይነበቡም። ሲዲ የሚነበበው 780 ናኖሜትር ላይ ባለ፣ ዓይናችን በማያየው ኢንፍራሬድ ሌዘር ነው፤ ዲቪዲ ደግሞ 650 ናኖሜትር ላይ ባለ ቀይ ሌዘር። ስለዚህ ድራይቩ ውስጥ ሁለት የሌዘር ምንጭ አለ፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ደህና ሊሆን ይችላል። ዲቪዲ ላይ ነጥቦቹ ያነሱና የተጠጋጉ ስለሆኑ ሌንሱ ላይ ያለ አቧራም ከሲዲ ይልቅ እሱን ቀድሞ ይጎዳል። የፎቶ ኮፒ ቤት አቧራ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ቶነርም ወረቀትም ያለበት ነው።

አቧራ ከሆነ ይድናል፣ ሌዘሩ ከደከመ አይድንም። ለማወቅ መክፈት ነበረብኝ። የላፕቶፕ ድራይቭ ሌንስ ትሪው ሲወጣ አብሮ ስለሚወጣ ቀላል ነው። የዴስክቶፑን ግን ከሲፒዩው ሳጥን ፈታችሁ ማውጣት አለባችሁ። ከፊት ያለችው ቀዳዳ ውስጥ ቀጥ ያለ ቀጭን ሽቦ ስትገፉ ትሪው ይወጣል፤ የፊቱን ፕላስቲክ ካወጣችሁ በኋላ ከታች ያሉትን ብሎኖች ፈትታችሁ ሽፋኑን ታነሳላችሁ። ትንሿ የሌንስ ዓይን በጣም ስስ በሆነ ሽቦ ላይ ነው የተንጠለጠለችው። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ በአልኮል ነከር አድርጋችሁ፣ ሳትጫኑ፣ አንዴ ዙር አድርጋችሁ ጥረጉ። ከፋርማሲ የምንገዛው አልኮል ውኃ ስላለበት እስኪደርቅ ጠብቁ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አታስቡት፤ ሌንሷ ፕላስቲክ ከሆነች ያደበዝዛታል። ሽፋኑን ከፍታችሁ ኮረንቲ አትስጡ፤ ሌዘሩን በዓይን ማየት ቀልድ አይደለም፣ በተለይ የሲዲው ብርሃን የማይታይ ስለሆነ ዓይናችን እንኳ አይጨፈንለትም።

ከጽዳቱ በኋላ ድራይቩ ዲቪዲውን አነበበ፤ ግን ከፋብሪካ ታትሞ የመጣውን ብቻ። እኛ የምንጽፈውን ዲቪዲ አሁንም አልፎ አልፎ ይስተዋል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ቤት የተጻፈ ዲስክ ብርሃን የሚመልሰው ከታተመው ባነሰ መጠን ነው። የደከመ ሌዘር መጀመሪያ የሚተወው እሱን ነው። ለዚህ ማሽን ሌላ ያገለገለ የሳታ ድራይቭ ገዝቼ ቀየርኩለት። ያገለገለ ድራይቭ ስትገዙ ሻጩ ፊት ሲዲ አይደለም የምትሞክሩት፣ ቤታችሁ የጻፋችሁትን ዲቪዲ ነው።

ከሳታ በፊት የነበረው አይዲኢ ድራይቭ ያለው ማሽን ከገጠማችሁ ደግሞ ባለ 40 ፒኑ ሰፊ ኬብልና ከኋላ ያለችው ጃምፐር (ድራይቩን ማስተር ወይም ስሌቭ፣ ማለትም አንደኛ ወይም ሁለተኛ የምታደርገው ትንሽ መሰኪያ) አሉ። አንድ ኬብል ላይ ሃርድ ዲስኩም ሲዲ ሮሙም ማስተር ተደርገው ከተቀመጡ ባዮሱ ወይ አንዱን አያይም ወይ ሁለቱንም። አንዱን ማስተር፣ ሌላውን ስሌቭ አድርጉ፤ አለቀ።

ስለ ዲስኩ ራሱ። ቤቱ ውስጥ አንድ ካርቶን ሙሉ ዲቪዲ ነበር፤ ላያቸው ላይ በማርከር «ዊንዶው 7»፣ «ዊንዶው 7 አዲሱ»፣ «ዋናው» የሚል ተጽፎባቸዋል። አንዱን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ፋይሎቹ ሁሉ አሉ፦ ሴትአፕ አለ፣ ቡት የሚል ፎልደር አለ፣ ሶርስስ አለ። ግን አይነሳም። ሌላውን ስከፍተው ውስጡ አንድ ትልቅ ፋይል ብቻ አለ፣ መጨረሻው አይኤስኦ የሚል። የሁለቱም ችግር ያው ሴክተር 17 ነው። የመጀመሪያውን የሠራው ሰው ከሚነሳ ዲቪዲ ፋይሎቹን ኮፒ አድርጎ ባዶ ዲቪዲ ላይ ጽፏል። ኤል ቶሪቶው ከፋይሎቹ መሃል ስለሌለ በኮፒ አይመጣም፤ የምትከፍቱትና የምታዩት ነገር ሁሉ ተሟልቶ የማታዩት አንድ ነገር ይቀራል። ሁለተኛው ደግሞ አይኤስኦውን (የዲስኩን ኢሜጅ) እንደ ተራ ፋይል ነው የጻፈው። አይኤስኦ ፋይል ዲስኩን ከሴክተር 0 ጀምሮ እንዳለ የያዘ ቅጂ ነው፤ ባዶው ዲስክ ላይም እንዳለ፣ ሴክተር በሴክተር መጻፍ አለበት። ዊንዶው 7 ላይና ከዚያ በኋላ ባሉት ፋይሉ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «በርን ዲስክ ኢሜጅ» የሚለውን ከመረጣችሁ ሌላ ፕሮግራም እንኳ አያስፈልጋችሁም።

ከመጻፋችሁ በፊት ግን ያወረዳችሁት ፋይል ሙሉ መሆኑን እዩ። በሞባይል ፓኬጅ ብዙ ጊጋባይት ስናወርድ መሃል ላይ እየተቋረጠ፣ እየቀጠልን ነው፤ መጠኑ ትክክል ሆኖ ውስጡ የተበላሸ ፋይል ሊመጣ ይችላል። ዊንዶው ውስጥ ሰርትዩቲል የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ሃሽፋይል ብላችሁ የፋይሉን ስምና ሻ256 ስትሰጡት 64 ቁምፊ ያለው ቁጥር ያወጣል። አውጪው ካስቀመጠው ቁጥር ጋር አስተያዩት። የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን ጥቂት ቁምፊዎች ማየት ለተበላሸ ፋይል ይበቃል፤ ፋይሉ ሲበላሽ ቁጥሩ ጭራሽ ሌላ ነው የሚሆነው።

ስትጽፉ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጉ። እኔ 4 ኤክስ ነው የምመርጠው፤ ሙሉ ዲቪዲ ሩብ ሰዓት አካባቢ ይወስዳል፤ ይውሰድ። በ16 ኤክስ የተጻፈ ርካሽ ዲስክ አዲስ ድራይቭ ላይ ቢነበብም ያረጀ ድራይቭ ላይ ሲደርስ ይቸገራል፤ እኛ ደግሞ የምንሠራው ባረጁት ላይ ነው። መጠኑንም አትርሱ፦ አንድ ንብርብር ያለው ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይባል እንጂ ዊንዶው 4.38 አድርጎ ነው የሚያሳየው። የዊንዶው 7 ኢሜጅ ይገባል። የኋለኞቹ የዊንዶው 10 ኢሜጆች ከ5 ጊጋባይት ስለሚበልጡ አይገቡም፤ ባለ ሁለት ንብርብሩ 8.5 ጊጋባይት ዲቪዲ ያስፈልጋል፣ እሱንም ያረጀ ድራይቭ አይወደውም። ለዊንዶው 10 ዲቪዲ ተዉት፣ በሩፈስ ወይም በቬንቶይ ፕሮግራም ፍላሽ አዘጋጁ።

ዲስኩ ደህና፣ ድራይቩ ደህና ሆኖ አሁንም ወደ ድሮው ዊንዶው ከገባ፣ «ፕሬስ ኤኒ ኪ ቱ ቡት ፍሮም ሲዲ ኦር ዲቪዲ» የሚለው ጽሑፍ አምልጧችሁ እንደሆነ እዩ። ይሄ ጽሑፍ ከወጣ ባዮሱ ሥራውን ጨርሷል፤ 17 ላይ ያለውን አግኝቶ ኮዱን ጭኗል ማለት ነው። ለጥቂት ሰከንድ ይቆያል፣ ካልተነካ ወደ ሃርድ ዲስኩ ያልፋል። ከማሽኖቹ አንዱ ላይ ጽሑፉ እየወጣ ምንም ብጫን አልሰማኝም ነበር። ዊንዶው ውስጥ ኪቦርዱ ይሠራል! ነገሩ የዩኤስቢ ኪቦርድ ነው፤ ባዮስ ውስጥ «ዩኤስቢ ሌጋሲ ሰፖርት» የሚለው ጠፍቶ ነበር። ያን ካጠፉት ኦፐሬቲንግ ሲስተም እስኪነሳ ድረስ የዩኤስቢ ኪቦርድ የሚያውቀው የለም። ታዲያ ባዮስ ውስጥ ገብቼ ላብራው ብል ባዮሱ ራሱ ኪቦርዱን አይሰማም። ከኋላ ባለው ክብ ሐምራዊ ቀዳዳ የድሮ ኪቦርድ ሰክቼ ነው የገባሁት። የድሮ ኪቦርድ አትጣሉ፤ አረንጓዴው የማውዝ ነው፣ እንዳትሳሳቱ።

«ኤ ሪኳየርድ ሲዲ ኦር ዲቪዲ ድራይቭ ዲቫይስ ድራይቨር ኢዝ ሚሲንግ» የሚለው መልእክት ደግሞ ለየት ይላል፤ ሰውን በከንቱ ያደክማል። የዊንዶው 7 ሴትአፕ ተነስቶ፣ ሰማያዊው መስኮት መጥቶ፣ ኢንስቶል ስትሉት ነው የሚወጣው። ቃሉን አምኖ የሲዲ ሮም ድራይቨር ፍለጋ የሚሄድ ብዙ ነው። ከዲቪዲ ስትጭኑ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ዲቪዲው በደንብ አልተጻፈም ወይም አይኤስኦው የተበላሸ ነው፤ መጀመሪያ ያለው ተነቦ ወደ ውስጥ ሲገባ እምቢ ብሏል። ከፍላሽ ከሆነ ደግሞ ሰማያዊው የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ላይ ሰክታችሁት ይሆናል፤ ዊንዶው 7 የዩኤስቢ 3 ድራይቨር አብሮት አልመጣም። ጥቁሩ ቀዳዳ ላይ ቀይሩት። ከ2015 ወዲህ ባሉት ብዙ የኢንቴል ማሽኖች ላይ ግን ጥቁሩም ቢሆን ከውስጥ የሚሠራው በዚያው በዩኤስቢ 3 መቆጣጠሪያ ስለሆነ ድራይቨሩን ኢሜጁ ውስጥ ካልጨመራችሁ መፍትሔ የለውም።

የሊኑክስ ዲስክ ስትሞክሩ «ዚስ ከርነል ሪኳየርስ ኤን ኤክስ86-64 ሲፒዩ» የሚል ከመጣ ሁሉም ነገር ሠርቷል፣ ፕሮሰሰሩ ብቻ 32 ቢት ነው። ሽማግሌው ፔንቲየም 4 እንዲህ ነው ያለኝ። ለእሱ ዴቢያን 12 (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት) የ32 ቢት መጫኛ አለው፤ በ2025 የወጣው ዴቢያን 13 ግን የለውም፣ ስለዚህ 12ቱን አውርዳችሁ አስቀምጡ። በነገራችን ላይ ይህ ማሽን ከፍላሽ መነሳት የማያውቀው ነው፤ ፕሎፕ የምትባለዋን ትንሽ ፕሮግራም ሲዲ ላይ ጽፌ በሲዲው አስነስቼ ከእሷ ሜኑ ወደ ፍላሹ አሻገርኩት። ዩኤስቢው የድሮ ስለሆነ ይንፏቀቃል፣ ግን ይሄዳል።

በመሃል አንድ ጓደኛዬ አዲስ ላፕቶፑን ይዞ መጣ፤ ውጭ በሚሰካ የዩኤስቢ ዲቪዲ ድራይቭ ዊንዶው 7 ጫንልኝ አለኝ። ዲቪዲው በየትኛውም የጽሕፈት ቤቱ ማሽን ላይ የሚነሳው ነው፤ እሱ ላይ ቡት ሜኑው ውስጥ እንኳ አይታይም። እዚህ ሴክተር 17 ብቻውን አይበቃም። ዩኢኤፍአይ (ባዮስን የተካው አዲሱ የማስነሻ ፕሮግራም) ያለው ማሽን ከኤል ቶሪቶ ካታሎግ ውስጥ ለራሱ የተጻፈውን ክፍል ይፈልጋል፤ ፍላሽ ላይ ከሆነ ደግሞ በፋት32 ፎርማት በተደረገ ክፍል ውስጥ ኢኤፍአይ የሚባለው ፎልደር፣ በውስጡም ቡት፣ በውስጡም የማስነሻው ፋይል መኖር አለበት። 32 ቢቱ ዊንዶው 7 ይህ የለውም። የድሮውን አካሄድ የሚያስመስለው ሲኤስኤም የሚባለው ምርጫ በድሮዎቹ ላፕቶፖች ላይ ነበር፤ ኢንቴል በ2017 እስከ 2020 ድረስ እንደሚያስቀረው አስታውቆ ስለነበር አዲሶቹ ላይ ብትፈልጉትም አታገኙትም። ሲኤስኤም ያለው ማሽን ላይ ሜኑው ያንኑ ዲቪዲ ሁለት ጊዜ ሊያሳያችሁ ይችላል፣ አንዱ ከፊቱ ዩኢኤፍአይ የሚል አለው። የትኛውን እንደመረጣችሁ አስታውሱ፤ ኋላ ሃርድ ዲስክ ስትመርጡ «ጂፒቲ ነው፣ አልጭንም» ወይም «ኤምቢአር ነው፣ አልጭንም» የሚለው ጣጣ (ሁለቱም የሃርድ ዲስክ አከፋፈል ስሞች ናቸው) የሚመጣው ከዚያች ምርጫ ነው። ጓደኛዬን ዊንዶው 7 ተው አልኩት፤ ተኮሳትሮ ሄደ፣ ኋላ 11 ጭኖ አየሁት።

የጽሕፈት ቤቱ ሥራ ከአንድ ማሽን በቀር አልቋል። የቀረው ማሽን ድራይቭ የለውም፣ ቦታው ባዶ ነው፤ የፊቱ የዩኤስቢ ቀዳዳዎችም ተሰብረዋል፣ የኋላዎቹ ላይ ኪቦርድና ፕሪንተር ተሰክቷል። ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ ሌላው ላይ መጫን ይቻላል፤ ግን ይህን አጋጣሚ ተጠቅሜ በኔትወርክ ማስነሳት ልማር ብዬ ያዝኩት። ፒኤክስኢ ይባላል፤ ኮምፒውተሩ ማስነሻውን በኔትወርክ ኬብል ከሌላ ኮምፒውተር ያወርዳል። መጀመሪያ ስሞክረው «ፒኤክስኢ ኢ51» አለኝ፤ አድራሻ የሚሰጠው ዲኤችሲፒ አላገኘም ማለት ነው። ኬብሉን ወደ ራውተሩ ሳዞረው አሁን «ፒኤክስኢ ኢ53» ላይ ደርሷል፤ አድራሻ አግኝቷል፣ ግን የትኛውን ፋይል እንደሚያወርድ የነገረው የለም። ዲኤችሲፒው ላይ አማራጭ 66 የሰርቨሩን፣ አማራጭ 67 የማስነሻ ፋይሉን ስም መያዝ እንዳለባቸው አንብቤያለሁ። የእኔ ራውተር እነዚህን ማስገቢያ ቦታ የለውም። ከእናንተ መሃል ሚክሮቲክ ራውተር ላይ ወይም አንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ዲኤችሲፒና ቲኤፍቲፒ (ማስነሻ ፋይሉን የሚልከውን) አብሮ አስነስቶ የሞከረ ካለ እንዴት እንደሞላው ይጻፍልኝ፤ ማሽኑን ለሳምንቱ መጨረሻ አስረክባለሁ ብያቸዋለሁ።